ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው

ጋሽ ምላጭ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሱቃቸውን የሚከፍቱት ለወግ ያህል ነበር። ጠዋት መዝጊያውን ያነሳሉ፣ ትልቁን መስታወት በጋዜጣ ይወለውላሉ፣ ማንም ያልተጠቀመበትን ፎጣ አጥበው ያሰጣሉ፣ ከዚያ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ራሳቸው ደንበኛ መስለው ቁጭ ይላሉ። ፀጉር መቁረጡንስ አልተዉትም። መቀስ ይቅር ባይ ነው፤ ቢስትም ፀጉር መልሶ ይበቅላል። ምላጩን ግን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከከተቱት ቆይተዋል። ጢም ለመላጨት የመጣ ሰው ካለ "ጎረቤት ሂድ፣ እነሱ ማሽን አላቸው" ብለው ይመልሱታል። ለምን ብሎ የጠየቀ ወዮለት። እጄ ይንቀጠቀጣል ብሎ መናገር ለሳቸው ሞቴ ደረሰ ብሎ እንደማወጅ ነው። ስለዚህ "ዓይኔ ደክሟል" ይላሉ፤ ያ ዓይን ግን መንገድ ማዶ የቆመ ሰው የሸሚዝ ቁልፍ ይቆጥራል።

ድሮማ እዚህ ሱቅ ለመላጨት ወረፋ ይጠበቅ ነበር። ሱቁ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው፤ መንገደኛው አቧራ ለብሶ ይወርድና ዘመዶቹ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እዚህ ጎራ ብሎ ሰው መስሎ ይወጣል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ የሚመጣው ለጢሙ ብቻ አልነበረም፤ ለክርክር ነበር። ስለ ኳስ፣ ስለ ውሃ ክፍያ፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ሰው ትዳር፣ የማይነሳ ነገር የለም። አግዳሚው ላይ የተደረደረው ሁሉ ያወራል፣ የሚሰማ ግን አንድም የለም።

አንድ ቀን አንድ እህል ነጋዴ ፊቱን አረፋ ተቀብቶ፣ ምላጩ ጉሮሮው ላይ እያለ፣ ከአግዳሚው ያልጣመው ነገር ሰማና "ውሸት ነው" ብሎ ብድግ አለ። ጆሮው እስከ ዛሬ ከራሱ ጋር ያለው የጋሽ ምላጭ እጅ ስለፈጠነ ነው። ያን ቀን ጋሽ ምላጭ በጣም ተቆጡ፤ ፎጣቸውን ወርውረው ሕግ አወጡ። ከዛሬ ጀምሮ ወንበር ላይ ያለ ይሰማል፣ ከወንበር ውጭ ያለ ይናገራል፣ ሲጨርስ ቦታ ይለዋወጣሉ። በቃ። ይህን ያልወደደ ጢሙን እንደ ፍየል አሳድጎ ይኑር።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። በኋላ ግን የተጣላ ሁሉ እየመጣ ወንበሩን ይጠይቅ ጀመር፦ አከራይና ተከራይ፣ ውርስ ያጋጫቸው ወንድማማቾች፣ አማችና አማት። ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው አያቋርጥም፣ አይሳደብም፣ ራሱን እንኳ አይነቀንቅም። ሌላው የልቡን ተናግሮ እስኪጨርስ ይሰማል፤ ምን ምርጫ አለው? በዕድሜው ሙሉ ሚስቱን እስከ መጨረሻው ሰምቷት የማያውቅ ሰው፣ ከዚያ ወንበር ሲነሳ ዓይኑ ሌላ ይሆን ነበር። ሁሉም ታረቀ አልላችሁም። ከበፊቱ ብሶባቸው የወጡም ነበሩ፤ ግን ተላጭተው ነው የወጡት።

በዚያ ዘመን ሱቁ ውስጥ ሁለት ልጆች ይርመሰመሱ ነበር። አንዱ የጋሽ ምላጭ የእህት ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ጋሽ ምላጭ በአውቶቡስ ሄደው፣ በአውቶቡስ ይዘውት ተመልሰው፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አሳደጉት። ሲያወራ መንገድ ማዶ ስለሚሰማ የአግዳሚው ሰዎች ጡሩምባ ብለው አወጡለት፤ ስሙም ተረሳ። ሌላዋ የሬዲዮ ሠሪው ልጅ ናት። ሬዲዮ ሠሪው የጋሽ ምላጭ የልብ ጓደኛ ነበሩ፤ ሱቃቸው ግድግዳ ተጋርቶ የቆመ፣ ሻያቸው ከአንድ ማንቆርቆሪያ የሚቀዳ። ልጅቷ ድምጿ ቀጭን ነው፣ ግን አትለቅም፤ ጡሩምባ በጮኸባት ቁጥር "ቆይ፣ አልጨረስኩም" ትላለች። እናም የሷ ቅጽል ስም ቆይ ሆነ።

ሁለቱ የማይጨቃጨቁበት ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ታዲያ "እኛም እንደ ትልልቆቹ ወንበር ላይ እንውጣ" ብለው ድርቅ አሉ። ጋሽ ምላጭ ሬዲዮ ሠሪውን ጠቀስ አደረጉና ልጁን ወንበሩ ላይ አወጡት፣ አረፋውን እስከ ዓይኑ ቀቡት፣ ምላጩን ዘረጉና ስለት በሌለው ጀርባው፣ አንድም ፀጉር የሌለበትን ያን ጉንጭ በቀስታ ይልጉት ጀመር። ጡሩምባ ትንፋሹን ውጦ፣ ሁለት እጁን በወንበሩ ክንድ ላይ አሳርፎ፣ አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ዝም አለ። ዓይኑ ብቻ ነው የሚቁለጨለጨው። ልጅቷ የልቧን ተናገረች፤ ብስክሌቱ ተራዬ ሳይደርስ ተወሰደ ነው ነገሩ። ከዚያ ተለዋወጡ። ይሄው ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነና ጢም እስኪያበቅል ድረስ ጡሩምባ በጀርባ ተላጨ። ያ ልጅ ዝም ሲል የታየው እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው። ጋሽ ምላጭ በሕይወታቸው ምን ደስ አለዎት ተብለው ቢጠየቁ፣ ያንን ጥንድ ዓይን መስታወት ውስጥ ማየት ነው የሚሉት፤ ግን ማን ይጠይቃቸዋል።

ዘመን ሄደ። ሬዲዮ ሠሪው አረፉ። ሱቃቸው ስልክ መሸጫ ሆነ፤ ለጋሽ ምላጭ ሠርተው የሰጧቸው ትልቁ ሬዲዮ ግን እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ አለ። ድምፅ ካቆመ ቆይቷል፤ ቴሌቪዥኑ እላዩ ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ ሕግ ተማረች፣ ጠበቃ ሆነች፣ ኋላም የከተማው ምክር ቤት ገባች። ልጁ ነገደ፣ ከሰረ፣ እንደገና ነገደ፣ አተረፈ፤ ከዚያ ፖለቲካ ውስጥ ገባ። ሥራ በዛበት፣ መጥቶ ማየት ቀረ፣ መደወልም ቀነሰ። አሁን ሁለቱም ለከተማዋ ከንቲባነት ይወዳደራሉ።

ጡሩምባ በቅጽል ስሙ አላፈረም፤ ጭራሽ ምልክቱ አደረገው። ፖስተሩ ላይ ከፊቱ አጠገብ ወርቃማ ጡሩምባ አለ፤ የመናኸሪያው አጥር በሙሉ በሱ ተለብጧል። አደባባይ ሲወጣ ሰው እንደ ጉድ ይጎርፍለታል። መናኸሪያውን ከከተማ አውጥቼ እጥላለሁ፣ በቦታው ሰማይ ጠቀስ የገበያ ሕንፃ አቆማለሁ ይላል። የተቃወመውን ይሰድባል። ስድቡ ደግሞ ያስቃል፣ ችግሩ እሱ ነው። ምክር ቤቱን "የሞተ ባትሪ" አለ፣ ሕዝቡ ፈነደቀ። ከዚያ ስለ ተፎካካሪው ሲጠየቅ "እሷማ አባቷ የሠሯት ሬዲዮ ናት፤ ታንሾካሹካለች እንጂ ጣቢያ አትይዝም" አለ።

ያን ቀን ጋሽ ምላጭ ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ሬዲዮ አቧራውን በእጃቸው ጠረጉለት። ተናደው ሳይሆን ፈርተው ነበር። ልጁ ተሳዳቢ ሆነ ብለው አይደለም፤ ድሮም አፉ ስለት ነበረው። የፈሩት ሌላ ነው፦ ያ ልጅ ሰው መስማት ጨርሶ ረስቶ ይሆን? ረስቶ ከሆነ እሳቸው ያሳደጉት ልጅ የለም፣ ፖስተሩ ላይ ያለው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ይዘው ሰነበቱ፤ እህል እንኳ አልበላ አላቸው።

አንድ ጠዋት ሁለት ጥቋቁር መኪኖች ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ጡሩምባ ወረደ። ሱፍ ለብሷል፣ ወፍሯል፣ በሩን ሞልቶ ቆመ።

"ጋሼ" አለና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ።

"ጠፋህ" አሉት። "መንገዱ በፖስተርህ ተሞልቶ አንተ ግን ጠፋህ።"

"ሥራ በዝቶ ነው ጋሼ።"

"ሥራማ ይበዛል። አፍህ መቼ ሥራ ፈትቶ ያውቃል።"

ከኋላው የገባው ቀጠን ያለ ትሁት ሰው ሳቀና አፉን በእጁ ሸፈነ። ጡሩምባ "አማካሪዬ ነው" ብሎ አስተዋወቀው፤ ሰውየውም በሁለት እጁ ጨብጧቸው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጡሩምባ ሱቁን ዞር ዞር ብሎ አየ። መስታወቱን፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የምላጭ መሳያ ቆዳ፣ ሬዲዮውን። ሬዲዮው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ቶሎ አነሳ።

"ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት" አለ። "ቴሌቪዥን ጣቢያው ነገ አመሻሽ ከሷ ጋር ፊት ለፊት ተከራከር ብሎኛል። ዛሬ መልስ መስጠት አለብኝ። ይሄ ሰው አትሂድ ይላል።"

"ምክንያት አለኝ አባባ" አለ አማካሪው በለሰለሰ ድምፅ። "አሁን እየመራን ነው። የሳቸው ኃይል አደባባይ ላይ ነው፤ አደባባይ ላይ የሚመልስ ሰው የለም። እዚያ ግን ሴትዮዋ ማስረጃዋን ይዛ፣ ተረጋግታ ትቀመጣለች። እሳቸው ይቆጣሉ። ሲቆጡ ደግሞ እርስዎ ያውቋቸዋል። አንድ መጥፎ ቃል ከወጣ የዓመት ልፋት ውሃ በላው።"

ጋሽ ምላጭ በልባቸው እውነቱን ነው አሉ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ራስ ሲመለጥ እንኳ እሳቸው ያውቃሉ፣ ሥራቸው ነው። የዚህ ልጅ አፍ መቼ እንደሚያመልጥ ግን እሳቸውም ገምተው አያውቁም።

"አንተስ?" አሉት።

"እኔ? እኔ ሕዝቤ ይሰማኛል፣ ምን አደርግላታለሁ? ግን እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።" ኮቱን አወለቀና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። "መጀመሪያ ይላጩኝ። እንደ ድሮው።"

ጋሽ ምላጭ መሳቢያውን አዩ። ጎረቤት ሂድ ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን መስታወቱ ውስጥ ያ ጥንድ ዓይን እያያቸው ነው፣ ከዚያን ዘመን ወዲህ እዚያ ያልታየ ዓይን። አልቻሉም። ምላጩን አወጡ፣ ቆዳው ላይ ወዲያ ወዲህ አደረጉት፣ ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክረው ጨምቀው ፊቱ ላይ ጣሉ። አረፋውን ሲመቱ ብሩሹ ከጎድጓዳው ጠርዝ ጋር ተንቀጫቀጨ፤ ሆን ብለው ሳል ሳሉ፣ እንዳይሰማ። ግራ እጃቸውን ከአገጩ ሥር ደገፍ ሲያደርጉ ግን ምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀኙ ጸጥ አለ። እጅ የለመደውን አይረሳም። ግማሹን ጉንጭ እንደ ቅቤ አነሱት።

ልጁ ዝም ብሏል። አገጩ ቀና፣ እጁ በወንበሩ ክንድ ላይ። ሳያስቡት ሬዲዮ ሠሪው ከጎን የሚገቡ መሰላቸው፣ ማንቆርቆሪያውን ይዘው። ያኔ ነው መልሱ ከአፋቸው የወጣው።

"ሂድ" አሉት።

እውነቱን እንነጋገርና፣ ምክር አልነበረም፤ ናፍቆት ነው። ሁለቱን ልጆች በአንድ ክፍል ውስጥ ትይዩ ተቀምጠው አንድ ጊዜ ማየት አማራቸው፣ በቴሌቪዥን መስታወትም ቢሆን። ይበጀዋል አይበጀውም ብለው አልመዘኑም።

"አባባ፣ ቢሸነፉስ?" አለ አማካሪው ከአግዳሚው።

"እኔ ነኝ የምሸነፈው?" አለ ጡሩምባ፣ እና ወደ እሱ ዞረ።

ምላጩ አገጩ ጥግ ላይ ነበር። ቀይ መስመር ብቅ አለ፣ ከዚያ አረፋው ውስጥ ተንዠቀዠቀ። ጋሽ ምላጭ ደም የሚያቆመውን ነጭ ድንጋይ አንስተው ተጫኑት። በዚያ ሱቅ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን፣ የሰው ደም አፍስሰው አያውቁም። ልጁ እንደዞረ አማካሪውም አይቷል፤ እሳቸው ግን "እጄ ነው" አሉ። ከራሳቸው አፍ ሲሰሙት ክው አሉ።

"ምንም አይደል ጋሼ" አለ ጡሩምባ። መስታወቱ ውስጥ ቁስሉን አየና ሳቀ። "እሄዳለሁ። አገር እያየ ያቺን ሬዲዮ እዘጋታለሁ።"

ኮቱን ለብሶ ወጣ። መኪኖቹ ሄዱ። ጋሽ ምላጭ ምላጩን ሳያጥፉት ቆሙ። ሂድ ያልኩት ለዚህ ነው እንዴ? ልጁ ወንበር ላይ ሆኖ ተናገረ፤ ሕጉን ረስቶታል። ሂድ ያልኩትስ ወዴት ነው? ውሃ በላው ያለውን ሰውዬ ልሰማው ይገባ ነበር አሉ ለራሳቸው። ያን ቀንና በማግስቱ ይህንኑ ሲያመነዥኩ ዋሉ።

በማግስቱ አመሻሽ ሱቁ እንደ ድሮው ሞላ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ገና መርፌዋን ከአንገትጌዋ ሳትነቅል መጥታ ጥሩውን ቦታ ያዘች።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ ዛሬ ይበላታል ወይስ ትበላዋለች?"

"ሰው ናቸው፣ ምግብ አይደሉም" አሏት።

"እንዲያው ለመጠየቅ ነው። እኔ እንደሆነ ድምፄን ለሱ ነው የምሰጠው፣ ሲሳደብ አንጀቴን ያርሰዋል።"

ቴሌቪዥኑ ሁለቱን አሳየ። ጠረጴዛ መሐል አለ፣ ጠያቂው መሐል ተቀምጧል። ጡሩምባ ክንድ ባለው ወንበር ላይ ተዘርግቷል። ዱቄት ቀብተውታል፣ የአገጩ ጥግ ላይ ያለው ቁስል ግን አልተሸፈነም። ጋሽ ምላጭ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ።

እንደተፈራው ሆነ። እሷ አፏን ስትከፍት እሱ ገባበት። ስለ መናኸሪያው ልትናገር ስትል "ይሄ የአሮጌ ሬዲዮ ጩኸት ነው፣ ባትሪ ቀይሩላት" አለ። አግዳሚው ሳቀ። ጠያቂው እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ አለ፤ ማን ሰምቶት። ሁለተኛ ጊዜ ሲያቋርጣት የሳቀው ግማሹ ነው። ሦስተኛው ላይ ልብስ ሰፊዋ ራሷ "ኧረ ተው፣ ትናገርበት" አለች። ጋሽ ምላጭ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተቱ። ፖስተሩ ነው ያለው፣ ልጁ የለም።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም" አለች የሬዲዮ ሠሪው ልጅ።

እሱ ሊመልስላት ወደ እሷ ዞረ። መብራቱ አገጩ ላይ አረፈ። እሷም አየችው፤ የምላጭ ቁስል ነው፣ ማሽን እንዲህ አይቆርጥም። አፏ ላይ የነበረውን ቃል ተወችው። ወረቀቷን አስቀመጠች።

"ጋሼ ናቸው የላጩህ?" አለችው።

ጠያቂው ግራ ገባው። ጡሩምባ እጁን ወደ አገጩ ሰደደ። መልስ ለመስጠት እንዲያ ሲዘገይ ማንም አይቶት አያውቅም።

"አዎ" አለ። "ጋሼ ናቸው።"

"እንግዲያው ወንበር ላይ ነህ።"

የሰፈሩ ሰው ካልሆነ በቀር ይህን የሰማ ሁሉ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። በጣቢያው ያሉት አልገባቸውም፣ አማካሪው አልገባውም፣ አገሩም አልገባውም። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን ገብቶታል። ጡሩምባ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተደገፈ። ሁለት እጁን በወንበሩ ክንድ ላይ አሳረፈ። አገጩን ቀና አደረገ። ዝም አለ።

እሷም ተናገረች። መናኸሪያው ከተማ ዳር ቢወጣ የታመመ ልጇን አዝላ የምትመጣ ሴት ሆስፒታል ለመድረስ ሌላ ሁለት መኪና መቀየር እንዳለባት፣ ሸክም ተሸክመው የሚያድሩት ወዴት እንደሚሄዱ፣ ሕንፃው ውስጥ ማን እንደሚገበያይ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ረጅም ነበር። ካሜራው መላልሶ ጡሩምባ ላይ ይመጣል፣ ሲቆጣ ለመያዝ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ዓይኑ ብቻ ነው የሚቁለጨለጨው። ጋሽ ምላጭ ያንን ዓይን ሲያዩ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ አይታቸው የነጠላዋን ጫፍ አቀበለቻቸው።

"ጨረስኩ" አለች የሬዲዮ ሠሪው ልጅ። ከዚያ እሷም ወደ ኋላ ተደገፈች፣ አገጯን ቀና አደረገች።

ጡሩምባ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ ራሴ እዚያ መናኸሪያ ነው የወረድኩት" አለ። "እናቴ የሞተች ሰሞን። ጋሼ እጄን ይዘው። ሩቅ ቢሆን ኖሮ በእግሬ አልደርስም ነበር፣ ደክሞኝ ነበር።" ቆመ። "መጨናነቁ ግን እውነት ነው፣ በየጊዜው ሰው ይገጫል። እሱን ምን እንደማደርገው አላውቅም። ሕንፃው መልስ መስሎኝ ነበር። አባቷንም መሳደብ አልነበረብኝም። እኔ የመጀመሪያውን የኳስ ጨዋታ የሰማሁት እሳቸው በሠሩት ሬዲዮ ነው።"

"ኧረ ጉድ፣ አላውቅም አለ እኮ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ከንቲባ ልሁን የሚል ሰው አላውቅም ይላል?"

እንደሷ ያሰበ ብዙ ነው። በማግስቱ ጋዜጦች "ጡሩምባው ተነፈሰ" ብለው ጻፉ። አንዲት ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር አፉን አስያዘችው፣ ድግምት አለባት እንዴ፣ ተባለ። አደባባዩ ቀዘቀዘበት። በምርጫው ተሸነፈ፤ በብዙ አይደለም፣ ግን ተሸነፈ። ያ ትሁት አማካሪ ያለው ሁሉ ደረሰ።

ጋሽ ምላጭ ውጤቱን በቴሌቪዥን ሰምተው ሱቃቸውን ቀደም ብለው ዘጉ። ልጁን መልሰው አግኝተውታል፤ ያሳደጉት ልጅ አለ፣ በዓይናቸው አይተዋል። ግን በምን ዋጋ? ናፍቆታቸውን ለመወጣት የሰው እንጀራ ዘጉ። እንዲህ ያደረገ አጎት ደጃፍ ማን ይመለሳል ብለው ቆረጡ። አልፈረዱበትምም። የመናኸሪያውን አጥር የለበጠው ፖስተር እየተቀደደ ሲወርድ በበራቸው ቆመው ያዩ ነበር፤ ጉንጩ ሲሄድ፣ አገጩ ሲቀር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ፎጣቸውን ሲያሰጡ ሰው መጣ፣ በእግሩ። ሱፍ የለ፣ መኪና የለ። ጢሙ አድጓል።

"ጎረቤት ሂድ፣ ማሽን አላቸው" አሉት። ድምፃቸው እንደፈለጉት አልወጣም።

"ጢሜን ለማሽን ነው ያሳደግኩት?" አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ሥራህን አስጣልኩህ እኮ ልጄ። ሂድ ያልኩህ ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ናፍቃችሁኝ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ይሄንንም ታውቃለህ?" ብለው የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ዘረጉለት።

ጡሩምባ እጃቸውን አየና በሁለት እጁ ያዘው፣ ከዚያ ለቀቀው። "ይላጩኝ" አለ። "እዚህ ከሰው ጋር ቀጠሮ አለኝ፤ ያልጨረስነው ነገር አለ።"

ወዲያው በሩን ከፍታ ከንቲባዋ ገባች። ለጋሽ ምላጭ ግን ከንቲባ አይደለችም፤ ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና አባቷ ይቀመጡበት የነበረው የአግዳሚው ጥግ ላይ ሄዳ ቁጭ አለች። ማንም ሳይነግራት ነው ያንን ጥግ የመረጠችው። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። "ስለ መናኸሪያው ነው" አለች። "ብቻዬን አልችለውም፣ የሚገጨውን ሰው ጉዳይ ደግሞ ያነሳኸው አንተ ነህ። አብረኸኝ እንድትሠራ ነው የምፈልገው። መጀመሪያ ግን ስለ ሬዲዮው የምነግርህ አለ።"

ጋሽ ምላጭ አረፋውን ቀቡት። ምላጩን ዘረጉ። እጃቸው ዛሬ አልቆም አለ፤ ግራቸው አገጩን ደገፍ ቢያደርግም አልቆመም። መስታወቱን ሰረቅ አድርገው አዩ፦ ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል። ቶሎ ብለው ምላጩን ገለበጡና በጀርባው ይልጉት ጀመር። አረፋው ይነሳል፣ ጢሙ እንዳለ ይቀራል። አይታወቀውም፣ ተነስቶ መስታወት እስኪያይ እሷ የልቧን ትናገር አሉ ለራሳቸው።

እሷም ተናገረች። እሱ አደባባይ ላይ የተናገረው ቃል እንዴት እንዳደረጋት፣ እናቷ ሰምታ ምን እንዳለች። አንዳንዱ ከባድ ነበር። ጡሩምባ አገጩን ቀና አድርጎ፣ እጁን በወንበሩ ክንድ ላይ አሳርፎ፣ ሁሉንም ሰማ። "ጨረስኩ" አለች በመጨረሻ።

ዓይኑን ገለጠ። ጢሙ ሙሉ በሙሉ ፊቱ ላይ ነበር። አልሳቀም፣ አልተገረመምም።

"ጋሼ" አለ፣ "በጀርባው ነው አይደል?"

"እጄ እኮ ልጄ" አሉ።

"ድሮም በጀርባው ነበር። አውቅ ነበር።"

"እኔም" አለች ከአግዳሚው ጥግ።

ጋሽ ምላጭ ምላጩን ይዘው ቆሙ። ይህን ሁሉ ዘመን ያን ልጅ ዝም ያሰኘው የስለቱ ፍርሃት ይመስላቸው ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና መሳያውን ቆዳ በባዶ እጃቸው ዳበሱት። ከዚያ ፎጣውን ለልጁ አቀበሉትና ወንበሩን አራገፉላት።

"ተነስ፣ ተራው የሷ ነው" አሉ። "ነይ ተቀመጪ፣ ልጄ።"